ደህና ነች የተባለችው ልጅ

«አሻጋሪዋ» የሚለውን ስም ያወጣላት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆችን ወደ ሁለተኛ ደረጃ የምትሸኝ፣ ቤተሰቦቻቸውንም ለዚያ የምታዘጋጅ እሷ ነበረች። ወላጅ በር ላይ ቆሞ «አንዲት መምህርት ፈልጌ ነበር» ሲለው ዘበኛው «የትኛዋን? አሻጋሪዋን?» ይላል። እያደር ርዕሰ መምህሩም ባልደረቦቿም እንደዚያ ይሏት ጀመር። ተማሪዎቹ ግን ፊት ለፊት «ቲቸር» ነው የሚሏት።

ድሮ ሥራዋ ቋንቋ ማስተማር ብቻ ነበር። ነገር ግን ክፍል ሲያልቅ ልጆች ጠረጴዛዋን ከብበው አይለቋትም። የአንዱ እናት ታማለች፣ የአንዷ አባት «ትምህርት ይበቃሻል» ብሏታል። ርዕሰ መምህሩ ይህን አይቶ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት አስጠረገና «ቋንቋውን ለስምንተኛዎቹ ብቻ አስተምሪ፤ የቀረውን ጊዜሽን እዚህ ተቀመጪ» አላት። ክፍሏ ጠባብ ናት። አንዷ መስኮት ወደ ውሃ ቧንቧዎቹ ታያለች፤ በእረፍት ሰዓት ልጆች እየተገፋፉ ሲረጫጩ ከወላጅ ጋር የምታወራው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው።

የመጨረሻው የትምህርት ወቅት ሲጀመር ወላጆችን ትሰበስባለች። ሆን ብላ በልጆቻቸው ዴስክ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ትልልቅ አባቶች ጉልበታቸው ዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ሲታገሉ ሳቅ ይነሳል። ሳቁ በረድ ሲል ትጀምራለች።

«ልጆቻችሁም አሁን ልክ እንደዚህ ናቸው። ለዚህ መቀመጫ ትልልቅ፣ ለሚሄዱበት ደግሞ ትንንሽ» ትላቸዋለች። «እዚህ ሁሉም መምህር በስማቸው ያውቃቸዋል። እዚያ አንዱ መምህር ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የቤት ሥራህን ሠራህ ወይ ብሎ የሚከተላቸው የለም። ቤት ሲገቡ ስንት አገኘህ ከማለታችሁ በፊት ዛሬ ከማን ጋር ተቀመጥክ በሏቸው። ትምህርት ሳይከፈት መንገዱን አብራችኋቸው ሂዱበት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደግሞ ቢነጫነጩም ቻሏቸው።»

ወላጆች ይወዷታል። ቃሏን የሚሰማት ብዙ ነው፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ምናልባት ትንሽ አብዝታ ሳታውቀው አልቀረችም።

በአንድ ዓመት በስምንተኛ ክፍል ሁለት የማይነጣጠሉ ልጆች ነበሩ። አንደኛዋ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። ስትናገር ቃሉ አፏ ላይ ስለሚያዝባት ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፤ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ትቸገራለች። ሁለተኛዋን ሁሉም «ራዲዮ» ይላታል። አፏ አያርፍም። መምህር ጥያቄውን ሳይጨርስ ትመልሳለች። የርዕሰ መምህሩን አረማመድ አስመስላ ስትሠራ ሰውየው ራሱ በመስኮት አይቷት ሳቁን እንዳያዩበት ሸሽቶ ያውቃል። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። የልብስ ሰፊው ልጅ ስትጠየቅ ራዲዮ ፊቷን አየት ታደርግና «እንዲህ ልትል ነው» ብላ ትመልስላታለች። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናት።

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው። አንድ ቀን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ።

«መምህርት፣ ውጤቷ አያሳስበኝም» አላት። «ግን ያ ትልቁ ትምህርት ቤት ገብታ ማን ይሰማታል? ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ እንኳ ተናግራ እስክትጨርስ አይጠብቃትም።»

«ጓደኛዋ ትናገርላት የለም ወይ?»

«ትናገርላታለች እንጂ። እሱም ያስጨንቀኛል። ዕድሜ ልኳን ትናገርላታለች?»

ይህ ነገር የመምህርቷን አንጀት በላው። እንዲህ ያለ ችግር ሲመጣላት ቁጭ ብላ የምታድር ሰው አይደለችም። ከከተማው ማዶ አንድ ትንሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ እዚያ የምታስተምር አብሮ አደግ ጓደኛ አለቻት፣ ትዕግሥቷ የማያልቅ ሴት። ሄዳ ለመነቻት። ስንት ጊዜ ተመላልሳ ለአንድ ልጅ ቦታ አገኘች። ለአንድ ብቻ። ለልብስ ሰፊው ልጅ ወሰደችው።

ከዚያ ዝግጅቱ ተጀመረ። አንድ ቅዳሜ ሦስቱ፣ መምህርቷ፣ ልብስ ሰፊውና ልጂቱ፣ በአውቶቡስ መንገዱን ሄዱበት። ልጂቱ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚከብዳት ቀደም ብላ ተነስታ በሩ አጠገብ እንድትቆም አስተማረቻት። አባትየው ግን ጭንቀት ይዞት ገና ሳይደርሱ «ወራጅ» ብሎ ጮኸና አንድ ፌርማታ ቀድመው ወረዱ፤ የቀረውን በእግራቸው ኳተኑት። ልጂቱ በዚያ ቀን ስትስቅ መምህርቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማቻት። አዲሱ ትምህርት ቤት ገብተው ክፍሎቹን ዞረው አዩ፤ ታጋሿ መምህርት ልጂቱን ጨብጣ ስሟን እስክትጨርስ ዝም ብላ ጠበቀቻት።

በሳምንቱ ራዲዮ ዕቃ ቤቷ በር ላይ ብቅ አለች።

«ቲቸር፣ ለእኔስ የት አገኙልኝ?»

«አንቺን ማን ይችልሻል? ትልቁ ትምህርት ቤት እንጂ» አለቻት መምህርቷ ቀና ሳትል፤ የሚታረም ደብተር ፊቷ ተከምሯል።

ራዲዮ ሳቀች። በሩን ተደግፋ ትንሽ ቆየችና ሄደች።

የወላጆች ስብሰባ የዋለው በዚያው ሰሞን ነው። የራዲዮ እናት ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል የሥራ ሽርጧን እንዳደረገች እያለከለከች ደረሰችና የኋላው ዴስክ ላይ ተቀመጠች። በረኪና የላጠው እጇን ሽርጧ ሥር ደብቃለች። ሰዉ ሁሉ ሲወጣ እሷ ቀረች።

«መምህርት፣ ላስቸግርዎት ነው። ስለ ልጄ ነበር።»

«ስለ ራዲዮ? ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አፋችን ለምዶት ነው። ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ግን ቤት ስትገባ አታወራም።»

«እንዴት አታወራም?»

«ዝም ነው። ትበላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ትተኛለች። ደብተርሽን አሳዪኝ ስላት 'ከጓደኛዬ ጋር ሠርተናል' ትለኛለች። እንግዲህ ልትለያዩ ነው አሉ፣ እንዴት ልትሆኚ ነው ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።»

መምህርቷ ከጠዋት ጀምሮ ስትናገር ውላ ጉሮሮዋ ደርቋል። ዘበኛው ቁልፉን እያንቃጨለ በር ላይ ቆሟል። የሴትዮዋ ነገር አሳቃት።

«እህቴ፣ እዚህ ጨርሳው እኮ ነው የምትመጣው» አለቻት። «ቀኑን ሙሉ ስታወራ ውላ ለአንቺ ምን ይተርፋታል? አይዞሽ፣ ስለሷ አታስቢ። እሷ የትም ብትሄድ ደህና ነች። ሁሉም እንደሷ ቢሆኑማ እኔ ሥራ ፈት እሆን ነበር።»

እናትየዋም አብራ ሳቀች። አመስግና፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ ሄደች።

መምህርቷ አብራት ለምትኖረው ታላቅ እህቷ ይህን እንደ ቀልድ አወራቻት። እህቷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ነገር አታለዝብም።

«ሴትዮዋ ሥራዋን ጥላ የመጣችው ልታስቅሽ ነው?» አለቻት።

«አንቺ ደግሞ ሁሉን በሽታ ታደርጊዋለሽ» ብላት ወደ ጓዳ ገባች።

አዲሱ ዓመት ተከፈተ። የልብስ ሰፊው ልጅ የመጀመሪያውን ወር በለቅሶ አሳለፈችው። ከዚያ ለቅሶው ቀረ። አባትየው በሄደ በመጣ ቁጥር አዲስ ወሬ ያመጣል፦ ዛሬ ስሟን ራሷ ተናገረች፣ ዛሬ ጥያቄ መለሰች። አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ መጣ፤ ልጂቱ ክፍሉ ፊት ቆማ አንድ ገጽ ሙሉ አንብባለች። ብዙ ቦታ ተይዛለች፣ ግን ማንም አልረዳትም፣ የሳቀም የለም፤ ጨርሳዋለች። ሰውየው ይህን ሲናገር እንባው ጢሙን አራሰው። የመምህርቷም ደስታ ወሰን አልነበረውም። ስለ ራዲዮ አንዳንዴ ትዝ ሲላት ብቻ ትጠይቀዋለች፤ እሱም «ወደኛ መምጣቱን ትታለች፤ ትምህርቱ በዝቶባት ይሆናል» ይላታል።

የዓመቱ አጋማሽ ፈተና ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት መምህርቷ ለእህቷ መድኃኒት ልትገዛ ገበያ ወጣች። መድኃኒት ቤቱ ሳትደርስ ከአንድ ጫማ ሱቅ ድምፅ ማጉያ የምታውቀውን ድምፅ ሰማች።

«እግር ይዛችሁ ኑ፣ ጫማው ከኛ ነው። አባት ኑ፣ እናት ኑ፣ ባዶ እግሩን ያለም ይምጣ።»

አላፊ አግዳሚው ፈገግ እያለ ያልፋል። ራዲዮ ሱቁ በር ላይ ከፍ ያለ ሳጥን ላይ ቆማ ማይክሮፎኑን አፏ ሥር ይዛለች። መምህርቷን ስታይ ለአፍታ ድምፅዋ ተቋረጠ፤ ከዚያ ማይክሮፎኑን ለሌላ ሠራተኛ ሰጥታ ወረደች።

«ቲቸር፣ እግርዎት ስንት ቁጥር ነው?»

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«አለ። እኔ ነኝ የሌለሁት።»

ጫማ መለኪያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መምህርቷ እንደምንም ብላ ጠየቀቻት፤ ልጂቱ ግማሹን በቀልድ፣ ግማሹን ወለሉን እያየች ነገረቻት።

«እዚያ አያስወሩም፣ ቲቸር። ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው። ሰሌዳ ላይ ይጽፉና ገልብጡ ይላሉ፤ እኔ ግማሽ ሳልደርስ ያጠፉታል። የመጀመሪያው ፈተና ሲመለስ መምህሩ ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መምህሩንም አስመስዬ ሠራሁት፣ የባሰ ሳቁ። በማግስቱ መሄድ አቃተኝ።»

«ወረቀቱ ላይ ምን ነበር?»

«ምንም። ባዶ ነበር።»

«ማንበብ ያስቸግርሻል?» አለቻት መምህርቷ በቀስታ።

ራዲዮ የተደረደሩትን ጫማዎች አንድ በአንድ አስተካከለች። «ፊደሎቹ አንድ ቦታ አይቆሙልኝም» አለች በመጨረሻ።

መምህርቷ መድኃኒቱን ረስታ ወደ ልብስ ሰፊው ሄደች። ልጂቱ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ልጂቱ ነገሩን ስትሰማ አቀረቀረች፤ ከዚያ ቃሉ እየተያዘባት፣ ግን ሳታቋርጥ ሁሉንም ተናገረች። ከትምህርት በኋላ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠው የማግስቱን ትምህርት ታነብላት የነበረው እሷ ናት። ራዲዮ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ፈተና ላይም አጠገቧ ስለምትቀመጥ የመልሱን ፊደል ከጓደኛዋ ወረቀት ትገለብጥ ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅም ለጓደኛዋ ስታነብላት ቃሉ ተይዞባት አያውቅም። ለማንም እንዳትናገር ራዲዮ አስምላት ነበር።

በዚያ ሌሊት መምህርቷ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ራዲዮን ቋንቋ ያስተማረቻት እሷ ራሷ ናት። «አንብቢ» ስትላት ልጂቱ ተነስታ በቃሏ ታንበለብለው ነበር። አንድ ጊዜ የመጽሐፉ ገጽ ሌላ፣ የምታነበው ሌላ ሆኖ ክፍሉ ሲስቅ እሷም ነገሩን የልጂቱ ቀልድ አድርጋ አብራ ስቃ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ራዲዮ ቤት ሄደች። አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ከበሩ በላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ የሰው ልብስ ተሰቅሏል፤ እናትየዋ በዕረፍት ቀኗም ታጥባለች። ለእንግዳዋ ወንበር ጠርጋ ሰጠቻትና ራሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ነግረሽኝ ነበር» አለቻት መምህርቷ።

«አዎ፣ ነግሬዎት ነበር።»

«ሳቅሁብሽ።»

እናትየዋ በእጇ የያዘችውን እርጥብ ጨርቅ አጠፈች። «እኔ እንኳ አልከፋኝም» አለች። «እርስዎ ሲስቁ ደስ ነው ያለኝ። እርስዎ ከሳቁማ ልጄ ደህና ነች ማለት ነው ብዬ በዚያች ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።»

መምህርቷ ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረችው ነገር የለም። ትልቁ ትምህርት ቤት ሄዳ ልጂቱ በሚቀጥለው ዓመት ዘጠነኛን እንደገና እንድትጀምር አስፈቀደች። ባለ ሱቁን ለምና ከሰዓት በኋላ እንዲለቃት አደረገች። በዕቃ ቤቷ ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ከፊደል ጀመሩ፤ መስመሩ እንዳይጠፋባት ወረቀት ከሥሩ እያስያዘች፣ አንዱን ቃል ደጋግማ በጣቷ እያስነካች። ለውጥ ነበረው። ራዲዮ አንድ አጭር አንቀጽ ማንም ሳያነብላት አንብባ ስትጨርስ ላቧን ጠርጋ «ጫማ መሸጥ ይቀላል» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

መምህርቷ ግን ችኩል ናት። ራዲዮ ጓደኛዋን ብታገኝ ትበረታለች ብላ አሰበችና ሳታማክራት የልብስ ሰፊውን ልጅ ይዛ ሱቁ ድረስ ሄደች። ልጆቹ ሲተያዩ ተቃቀፉ። የልብስ ሰፊው ልጅ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት ልትነግራት ጀመረች፤ አንድ ቃል ላይ ተያዘባት። ራዲዮ እንደ ልማዷ ፊቷን አየት አደረገችና «ጎበዝ ሆንኩ ልትይ ነው» አለችላት።

«እ... እኔ ልጨርሰው» አለች ልጂቱ።

በክፋት አልነበረም፤ እዚያ የተማረችው እንደዚያ ነው። ታጋሿ መምህርት ማንም እንዳይናገርላት አስጠንቅቃታለች። እየተያዘባትም ቢሆን የጀመረችውን ጨረሰችው። ራዲዮ እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት፣ «ጎበዝ» አለቻትና ደንበኛ መጣ ብላ ተነሳች። የመጣ ደንበኛ አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዕቃ ቤቷ ድርሽ አላለችም። መምህርቷ ሱቁ ስትሄድ በቀልድ ትሸኛታለች፤ «ነገ እመጣለሁ» ትላታለች፤ አትመጣም። ከትንንሽ ልጆች መሃል አልፋ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ መግባቱ ያሳፍራት እንደነበር እናትየዋ ኋላ ተናገረች። መምህርቷ «ቤታችሁ ልምጣ» አለች፤ ልጂቱ እንቢ አለች። ዘጠነኛ ክፍል እንደገና ሲከፈት ስሟ ተጠርቶ ታለፈ።

የልብስ ሰፊው ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚያ ወዲያ ተገናኝተው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ልብስ ሰፊው መምህርቷን ባየ ቁጥር «ልጄን ሰው ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት» ብሎ ያመሰግናታል። እሷ ምስጋናውን መሬት መሬቱን እያየች ትቀበለዋለች።

ሥራዋን አልተወችም። ስብሰባው ግን ተለወጠ። ወላጆችን ከመጥራቷ በፊት ልጆቹን አንድ በአንድ ብቻቸውን ታነጋግራለች፣ ሁሉንም በየተራ አጠገቧ አስቀምጣ አይታው ከማታውቅ ገጽ ላይ ታስነብባለች። ወላጆችን ስታነጋግር ደግሞ «ስለሷ አላስብም» ከተባለላት ልጅ ትጀምራለች። አንዳንዱ ወላጅ ይገረማል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። «የኔ ልጅ ምን ጎደላት?» ይሏታል። «ላይጎድላት ይችላል፤ ግን ልጠይቃት» ትላለች። በዚህ መንገድ ያገኘቻቸው ልጆች አሉ። እህቷ «እንግዲህ ይበቃሻል፣ ራስሽን አትብዪ» ስትላት የነገዎቹን ልጆች ስም መጻፏን ትቀጥላለች።

ጡረታ ከወጣች በኋላ አንድ ቀን ራዲዮን አገኘቻት። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ የሕፃናት ልብስ የምትሸጥበት የራሷ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። አቀፈቻት፣ በግድ አስቀመጠቻት፣ ሻይ አስመጣችላት፣ ደንበኞቿን እያስመሰለች አሳቀቻት። ሲስቁ ቆይተው መምህርቷ ዘመኗን ሙሉ ሆዷ ውስጥ የያዘችውን አወጣችው።

«በዚያን ጊዜ በሩ ላይ ቆመሽ ለእኔስ ስትዪኝ ቀና ብዬ አላየሁሽም። ባይሽ ኖሮ፣ ብጠይቅሽ ኖሮ...»

«አይ ቲቸር» አለች ራዲዮ፣ የተዘረገፉትን ልብሶች እያጣጠፈች። «ቢጠይቁኝም አልነግርዎትም ነበር። አስቄዎት ነበር የምሄደው።»

መምህርቷ ፊቷን ትኩር ብላ አየችው። እውነቱን ይሁን፣ ወይስ እንደ ድሮው እንዳትከፋ ብላ እያሳቀቻት፣ መለየት አልቻለችም። አንዲት ደንበኛ ልጇን አዝላ ገባች፤ ራዲዮ «ደህና መጡ» ብላ ተነሳች። መምህርቷም የቀረውን ሻይ ጠጥታ፣ ደህና ዋይ ብላት፣ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ያዘች።